ከፖሊስ አገልግሎት የወጣ መኪና፦ የመሪ በተኖች አልሠራ ሲሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፖሊስ አገልግሎት ወጥቶ በጨረታ የተሸጠ መኪና የገዛ ሰው አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። መሪው ላይ ያለውን በተን ይጫናል። ምንም የለም። ሌላውን ይጫናል። እሱም ዝም። ከዚያ "መሪው ተበላሽቷል" ብሎ ዕቃ ፍለጋ ይወጣል።

እኔም በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ገንዘብም ጊዜም ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ዛሬ የሚጠይቀኝን ሁሉ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ያ በተን ድሮ ምን ያዝዝ እንደነበር፣ ከመኪናው ላይም ምን እንደተነቀለ እወቁ። የምጠቅሳቸው መኪኖች በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ የተለመዱት ናቸው። ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በተኑን ስጫነው ምንም አይሠራም። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። የፖሊስ መኪና በመልኩ ከቤት መኪናው ጋር አንድ ነው። ሆዱ ግን ሌላ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከ2013 ሞዴል ጀምሮ የመጣው የፎርድ ፖሊስ ኢንተርሴፕተር ዩቲሊቲ ነው። መሠረቱ ኤክስፕሎረር የሚባለው የፎርድ የቤት መኪና ነው። የኤክስፕሎረር ባለቤት በመሪው በተኖች ድምፅ ይጨምራል፣ ስልክ ያነሳል። በፖሊሱ መኪና ላይ ግን አራት በተኖች ለገዢው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተተዉ ናቸው። ምን ላይ እንደሚታሰሩ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። አንዱ ሳይረን ያስርባቸዋል፣ አንዱ የጣሪያ መብራት፣ ሌላው የጎን መብራት።

መኪናው ከሥራ ሲወጣ ሳይረኑም መብራቱም ይነቀላል። በተኖቹ ግን መሪው ላይ ይቀራሉ። እናንተ የምትጫኑት በተን ጤነኛ ነው። ትእዛዙን ይልካል። የሚቀበለው ዕቃ ግን የለም። እዚህ ላይ መሪ ብትቀይሩም ሽቦ ብትቀይሩም ለውጥ አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ አራት በተኖች አንዴ ሲጫኑ በርተው የሚቆዩ፣ ሲደገሙ የሚጠፉ ዓይነት ናቸው። የድምፅ በተን እንደዚያ አይሠራም። ስለዚህ ስትፈትሹ አንዴ ተጭናችሁ አትተዉት። እንዳበራችሁት ሊቀር ይችላል።

የኔ መኪና በተኖች ለምን እንደተሠሩ በምን አውቃለሁ?

ከሻንሲ ቁጥሩ ጀምሩ። የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ከሆነ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ያሉትን ሦስት ምልክቶች እዩ። ፒ71 ካለ የፖሊስ ስሪት ነው። በመጨረሻው የምርት ዓመት፣ በ2011፣ ይህ ወደ ፒ7ቢ ተቀይሯል። ሼቭሮሌት ከሆነ ደግሞ የአማራጭ ኮዶች የተደረደሩበት ወረቀት መኪናው ላይ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ወይም ስኮርት ጎማው አካባቢ ነው። ኢምፓላ ወይም ታሆ ላይ 9ሲ1 የሚል ኮድ ካያችሁ ለማሳደድ ሥራ የተዘጋጀ መኪና ነው። ታሆ ላይ 5ደብሊው4 ከሆነ ደግሞ ለልዩ አገልግሎት የወጣ እንጂ የማሳደጃው ዓይነት አይደለም።

ኮዱን ካወቃችሁ በኋላ መኪናው ሲታዘዝ ምን ምን እንደተካተተበት ማየት ትችላላችሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል ብትሰጡ የአማራጮቹን ዝርዝር ያወጣላችኋል። ዝርዝሩ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው) ከሌለ በተኑ መሪው ላይ ቢታይም ነገሩ አለቀ። መሪው ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ብዙ መኪና የሚያስተዳድር ጋራዥ ከቆመ መኪና ዕቃ ፈቶ ለሚሠራው መግጠሙ የተለመደ ነው።

ከወረቀት በላይ የሚናገር ደግሞ ሽቦው ራሱ ነው። የፖሊስ ዕቃ የሚገጥሙ ባለሙያዎች ሽቦ ላይ ናስትሮ ጠምጥመው በእስክሪብቶ የመጻፍ ልማድ አላቸው። ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ስታዩ "ሳይረን"፣ "የኋላ መብራት" የሚል የደበዘዘ ጽሑፍ ካገኛችሁ፣ ያንን ናስትሮ አትቅደዱት። ፎቶ አንሱት። ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይጠቅማችኋል።

በተኑን ስጫን ውስጥ ምን ይሆናል?

ይህን መረዳት ግማሹን ሥራ ያቀላል። መሪው ይዞራል። ሽቦ ግን እንደ ልቡ አይዞርም፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ከመሪው ኋላ አንድ ክብ የፕላስቲክ ቤት አለ። ክሎክ ስፕሪንግ ይባላል። ውስጡ እንደ ካሴት ክር የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሪባን አለ። መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይጠቀለላል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይላላል። የኤርባጉ፣ የክላክሱና የበተኖቹ መስመር ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ሪባን ላይ ነው።

በብዙ መኪኖች ደግሞ አምስትና ስድስት በተን አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ብቻ ይጋራሉ። እንዴት ይለያያሉ? በሬዚስታንስ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በሚገታው መጠን። መለኪያው ኦም ይባላል። እያንዳንዱ በተን የራሱ ሬዚስተር አለው። አንዱን ስትጫኑ የመኪናው ኮምፒውተር 500 ኦም ያያል እንበል፣ ሌላውን ስትጫኑ 1500። በቁጥሩ ነው የትኛው እንደተጫነ የሚያውቀው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ትንሽ ዝገት ወይም የላላ ሶኬት ቁጥሩን ስለሚያዛባ ድምፅ ጨምር ያላችሁት ጣቢያ ሊቀይር ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ በተን ተጣብቆ ከቀረ የቀሩትን ሁሉ ሊያግድ ይችላል። መኪናው "አንዱ እንደተጫነ ነው" ብሎ ስለሚያምን ሌላውን አይሰማም። ሰው ስድስቱም ሞተዋል ብሎ የሚያስበው አንዳንዴ አንዱ ስለተጣበቀ ብቻ ነው።

አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መሪው ውስጥ ሞጁል፣ ማለትም ትንሽ ኮምፒውተር፣ አለ። በተኖቹን አንብቦ በዳታ መስመር ይልካል። እነዚህ ላይ በኦም መለካት ብዙም አያስኬድም፣ ኮምፒውተር ማሰር ያስፈልጋል።

መሣሪያ የለኝም። ከየት ልጀምር?

ከጆሮና ከዓይን። ክላክስ ምቱ። ይሠራል? የኤርባግ መብራት ሞተር ከተነሳ በኋላ ይጠፋል ወይስ በርቶ ይቀራል? ክላክሱ ዝም ካለ፣ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ከቀረ፣ በተኖቹም ከሞቱ፣ ሦስቱ የሚጋሩት ክሎክ ስፕሪንጉን ነው። ጥርጣሬው እዚያ ላይ ይወድቃል። ክላክሱ ከሠራና ኤርባጉ ደህና ከሆነ ግን ወደ ክሎክ ስፕሪንግ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ባዶ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ፣ አንድ በተን እየተጫናችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። በአንድ ቦታ ሠርቶ በሌላ ቦታ ከጠፋ ሪባኑ ተሰንጥቋል። ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም።

በግራ ያሉት ሠርተው በቀኝ ያሉት ከሞቱ የቀኙን የበተን ስብስብ ወይም ሶኬቱን ጠርጥሩ። አንድ ብቻ ከሞተ በተኑ ራሱ ነው።

ቴስተር የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ባትሪውንም እዩ። ሞተር ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ ሞጁሎች ግራ ይጋባሉ፣ በተኖችም ያስቸግራሉ። ከፖሊስ የወጣ መኪና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ዕቃው ቢነቀልም መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ወይም አንድ የተረሳ ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ወንበር ሥር ቀርቶ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሲጠጣ ያድራል።

ፊውዞቹ ሁሉ ደህና ናቸው አሉኝ። ሌላ ምን አለ?

"ደህና ናቸው" ሲባል ያሉት አልተቃጠሉም ማለት ነው። የሌሉትንስ ማን አየ? መኪናው ከሥራ ሲወጣ ዕቃ የሚነቅለው ሰው ፊውዝ ነቅሎ መሄዱ የተለመደ ነው። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ገልብጡ። በሥዕሉ ላይ ያለውን ከሳጥኑ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ባዶ ቀዳዳ ካያችሁ በሥዕሉ ላይም ባዶ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚያ ምንጣፉ ሥር። እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። የገዛሁት መኪና ክሩዝ ኮንትሮሉም የሬዲዮ በተኖቹም ሞተው ነበር። ክላክሱ ግን ይጮህ ነበር። እኔ ያንን ምልክት ችላ አልኩት። ክሎክ ስፕሪንግ ገዛሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ያው ነው። በጣም አዘንኩ።

ከሳምንት በኋላ የተሳፋሪውን ወንበር አውጥቼ ምንጣፉን ገለጥኩ። ሳይረን ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የቡሎን ቀዳዳ አለ። አጠገቡ የክንድ ያህል ውፍረት ያለው የሽቦ ጥቅል በፒንሳ አንድ ላይ ተቆርጦ፣ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ናስትሮውን ስፈታው አብዛኛው ቀይና ጥቁር ወፍራም ሽቦ ነው፣ በኋላ የተጨመረ። በመሃሉ ግን አንድ ቀጭን፣ ባለ መስመር ሽቦ አለ። ያ ቀለም የፋብሪካ ነው። በሽቦ ሥዕሉ ላይ ስፈልገው የመሪ በተኖቹ ማሳ (ወደ ኔጌቲቭ የሚመልሰው መስመር) ሆኖ አገኘሁት። የገጠመው ሰው ከእሱ ላይ ቅጥያ ወስዶ ነበር። የነቀለው ሰው ከሌላው ጋር አብሮ ቆረጠው። ሁለቱን ጫፎች በይጄ አገናኘሁ። ሁሉም በተን በአንድ ጊዜ ሠራ።

ለዚህ ነው ምንጣፍ አንሱ የምለው። ወፍራምና አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ የተጨመረ ነው። ቀጭንና ሁለት ቀለም ያለው የፋብሪካ ነው። የፋብሪካ ሽቦ ተቆርጦ ካያችሁ፣ ያ የእናንተ ነው።

አደራ፣ የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንዳንዱ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ሳትለኩ አትንኩ። ባትሪውን ሳትነቅሉ ናስትሮ አትፍቱ።

መሪውን ራሴ ልክፈተው?

ኤርባግ ፈትታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡት። ይህን የምለው ፊታችሁ ፊት ለፊት የሚፈነዳ ነገር ስለሆነ ነው። ሌላውን ሁሉ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

የምታውቁ ከሆነም ይህን አትዝለሉ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከዚያ ጠብቁ። ኤርባጉ ባትሪ ቢነቀልም እንዲፈነዳ የሚያስችል ኃይል በካፓሲተር ውስጥ ያስቀምጣል። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ የሚለው ደቂቃ አለ፣ ከዚያ አታሳጥሩ። እኔ ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። የኤርባግ ሶኬቶች ብዙ ጊዜ ቢጫ ናቸው። እነሱ ላይ ቴስተር አታስገቡ፣ ከቴስተሩ የሚወጣው ትንሽ ኃይል ሊያስነሳው ይችላል። የፈታችሁትን ኤርባግ ስትሸከሙ ሽፋኑ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይዙር። ስታስቀምጡት ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። ከበላዩ ምንም አታስቀምጡ።

መሪው ከወጣ ክሎክ ስፕሪንጉ እንዳይዞር በናስትሮ ያዙት። አዲሱ ብዙ ጊዜ ማቆሚያ ፒን ይዞ ይመጣል። እስክትገጥሙት ድረስ አትንቀሉት። መሃሉን ሳይጠብቅ የተገጠመ ሪባን መጀመሪያ መሪውን እስከ ዳር ስታዞሩ ይበጠሳል። ከእሱ ጋር ኤርባጉም መስመሩን ያጣል።

እግረ መንገዳችሁን በሻንሲ ቁጥሩ የኤርባግ ጥሪ (አምራቹ ጉድለት አለበት ብሎ ለጥገና የሚጠራበት) እንዳለበት አጣሩ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በነፃ የሚያሳይ ገጽ አለው። ጥሪ ካለበት ወኪሉ ያለ ክፍያ ይሠራዋል።

በተኑን በቴስተር እንዴት ልለካ?

ባትሪ ተነቅሎ፣ ኤርባጉ በጥንቃቄ ተነስቶ፣ የበተን ስብስቡን ሶኬት አውጡ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ሲግናሉ ላይ፣ ሌላውን ማሳው ላይ። አሁን በተኖቹን አንድ በአንድ ተጫኑ።

እያንዳንዱ የተለየና የማይዋዥቅ ቁጥር መስጠት አለበት። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል። ስትጫኑም ሳትጫኑም መስመር የተቆረጠ መሆኑን ካሳየ በተኑ ሞቷል። ምንም ሳትጫኑ የአንዱ በተን ቁጥር ቁጭ ብሎ ከታየ ያ በተን ተጣብቋል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ወደ ታች ውረዱ። ከመሪው አምድ ሽፋን ሥር ክሎክ ስፕሪንጉ ከመኪናው ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ሶኬት አለ። በተኖቹን መልሳችሁ ሰክታችሁ ያንኑ ልኬት እዚህ ድገሙት። የበተኖቹን መስመር ብቻ እንጂ ቢጫውን አትንኩ። ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ታች ካገኛችሁ ሪባኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፦ ሽቦ፣ ሞጁል ወይም ተቀባዩ ዕቃ። ላይ ያለው ቁጥር ታች ከጠፋ ወይም ከተዛባ ሪባኑን ቀይሩ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። በቃል የተያዘ ቁጥር ሦስተኛው በተን ላይ ይጠፋል።

በተኖቹ ይጣበቃሉ፣ ሲጫኑ ይከብዳሉ። ምን ላድርግ?

እነዚህ መኪኖች አንድ ሰው ብቻ የነዳቸው አይደሉም። ፈረቃ በፈረቃ ይነዳሉ። ቡና ይፈስባቸዋል፣ በጓንት ይጫናሉ፣ በፀረ ተህዋስ ፈሳሽ በየቀኑ ይወለወላሉ። ፈሳሹ በበተኑ ጠርዝ ሰርጎ ገብቶ ይደርቃል።

ባትሪ ነቅላችሁ፣ የበተን ስብስቡን አውጥታችሁ፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ፕላስቲክ የማይጎዳ ማጽጃ ንፉበት። በተኑን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተጫኑት። ድገሙት። በደንብ ይድረቅ። ቅባት ያለው ስፕሬይ አትጠቀሙ፣ ለጊዜው ያላላና አቧራ ይሰበስባል። ውስጡ ያለው ጥቁሩ የጎማ መጫኛ ከተበላ ግን ማጽዳት አይመልሰውም። ስብስቡን ቀይሩ።

ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ክሩዝ ኮንትሮል ብቻ እምቢ አለ።

ከመሪው ተነሱና ወደ ፍሬኑ ሂዱ። ክሩዝ ኮንትሮል ፍሬን ሲነካ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ የፍሬን መስመሩን ጤንነት ካላረጋገጠ አይዝም። መጀመሪያ ስቶፕ መብራቶቹ መሥራታቸውን ሰው አቁማችሁ እዩ።

ይህ የፖሊስ መኪና ላይ ለምን እንደሚበዛ ልንገራችሁ። የስቶፕ መስመሩ ብዙ የተነካካ ነው። የኋላ መብራቶች እየተፈራረቁ እንዲበሩ የሚያደርግ ሳጥን በመስመሩ ላይ ይገባል። ሌሊት ተደብቆ ለመቆም ስቶፕ መብራቱን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያም ይጨመራል። ሳጥኑ ሲነቀል መስመሩ በደንብ ካልተመለሰ ክሩዙ አብሮ ይሞታል።

የቆዩ ፎርዶች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክሩዙ ማሳውን የሚያነበው በስቶፕ አምፖሎቹ ክር በኩል ነው። አምፖሎቹ ከተቃጠሉ፣ ወይም በኤልኢዲ ከተተኩ፣ ክሩዙ ፍሬን የተረገጠ ይመስለዋል። በተራው አምፖል ቀይራችሁ ሞክሩ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ሙከራ ነው።

ስትሞክሩም ፍጥነቱን አትርሱ። በብዙ መኪኖች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካላለፋችሁ ክሩዝ አይያዝም።

ሬዲዮ ቀይሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ በተኖቹ አይሠሩም።

እንግዲያው በተኖቹ አልሞቱም። አዲሱ ሬዲዮ ቋንቋቸውን አያውቅም። በሬዚስታንስ የሚሠሩ ከሆኑ ሬዲዮው ለመሪ በተን የተሰጠ ሽቦ አለው። አንድሮይድ ሬዲዮዎች ላይ ብዙ ጊዜ "ኬይ 1"፣ "ኬይ 2" ይባላሉ። ከመሪው መስመር ጋር ካገናኛችሁ በኋላ በሬዲዮው ቅንብር ገብታችሁ በተኖቹን አንድ በአንድ እየተጫናችሁ ታስተምሩታላችሁ። በዳታ መስመር የሚሠራ መኪና ከሆነ በመሃል የሚተረጉም አስማሚ ሳጥን መግዛት ግድ ነው። ከመኪናው ሞዴልና ዓመት ጋር የሚገጥመውን ውሰዱ።

አንዳንድ የፖሊስ መኪኖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የድምፅ በተን ሽቦ ጨርሶ አልተዘረጋላቸውም። ሶኬቱ ላይ ፒኑ አለመኖሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

በተኖቹ ይሠራሉ ግን ማታ አይበሩም።

የዳሽቦርድ ብርሃን መቀነሻውን ከፍ አድርጉ። ካልሆነ የመብራቱን ፊውዝ እዩ። የፖሊስ መኪኖች በር ሲከፈት የውስጥ መብራት እንዳይበራ ተደርገው ሊታዘዙ ይችላሉ። በሩን ስትከፍቱ ጨለማ መሆኑ ግን ከመሪው በተኖች ጋር አይገናኝም። ለየብቻ ፈትሿቸው።

ኮምፒውተር ማሰር ይጠቅማል?

በጣም። በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከዳሽቦርዱ ሥር ኮምፒውተር የሚታሰርበት የኦቢዲ ሶኬት አለው። ርካሹ ማንበቢያ ግን የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያወጣው። እናንተ የምትፈልጉት በ"ቢ" የሚጀምሩትን የቦዲ ኮዶችና በ"ዩ" የሚጀምሩትን የግንኙነት ኮዶች ነው። ለፎርድ ፎርስካን የሚባለው ፕሮግራም ከሚስማማ አስማሚ ጋር ይህን ያነባል። ለዶጅና ለክራይስለር አልፋኦቢዲ አለ።

ከኮዱ በላይ የምወደው በቀጥታ የሚታየውን ዳታ ነው። በተኑን እየተጫናችሁ ስክሪኑን እዩ። ስክሪኑ ላይ "ተጭኗል" ካለ ከበተኑ እስከ ሞጁሉ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። መሪ መፍታት የለም። ችግሩ ትእዛዙን የሚፈጽመው ዕቃ ወይም የሞጁሉ ቅንብር ላይ ነው። ቅንብር ልትቀይሩ ከሆነ የነበረውን መጀመሪያ አስቀምጡት። አስቀምጡት ብዬ የምደግመው መመለሻ የሌለው ሰው ሲጨነቅ ስላየሁ ነው።

ከቤት መኪናው መሪ አምጥቼ ብገጥምስ?

ፕላስቲኩ ሊገጥም ይችላል። በተኖቹ ግን የሬዚስተር ቁጥራቸው ሊለያይ ይችላል፣ ሶኬቱ ሊለያይ ይችላል፣ ክሎክ ስፕሪንጉ ላይ ያሉት መስመሮች ቁጥርም ሊያንስ ይችላል። የዕቃ ቁጥሩን ሳታመሳክሩ አትግዙ። ያገለገለ ኤርባግ ደግሞ በጭራሽ አትግዙ።

የማይሠሩትን በተኖች ለሌላ ነገር ላውላቸው?

ይቻላል፣ ደስም ይላል። ለጭጋግ መብራት፣ ለኋላ ጭነት መብራት፣ ለካሜራ። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ በተኑ ሪሌይ ያዛል እንጂ መብራቱን በቀጥታ አይመግብም። የመሪ ሽቦና ሪባን ለትንሽ ኃይል የተሠሩ ናቸው። መብራት በቀጥታ ካሰራችሁባቸው ይግላሉ፣ ሪባኑ ይቀልጣል። ያ ሪባን ኤርባጉንም እንደሚሸከም አትርሱ። ሪሌዩን ከባትሪ በሚመጣ የራሱ ፊውዝ ባለው ሽቦ መግቡት። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጉት።

በተኑን ስጫን ሳይረኑ ጮኸ!

አንዳንዴ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሳይነቀል ይሸጣል። ከፊት ፍርግርጉ ኋላ ድምፅ ማጉያው ይቀራል። መንገድ ላይ አትንዱት። ሳይረንና የፖሊስ መብራት በግል መኪና መጠቀም በአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ያስቀጣል፣ ሌላ አሽከርካሪም ያደናግራል። የሳይረኑን ፊውዝ ዛሬውኑ ንቀሉ፣ ከዚያ ማጉያውንም ሳጥኑንም አውጡ። ሽቦውን ስታወጡ ከላይ የነገርኳችሁን ቀጭኑን፣ ባለ ሁለት ቀለሙን ሽቦ አስቡት። ቆርጣችሁ አትጣሉ።

ገና ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ጠይቁ። ቁልፉን ክፈቱና የኤርባግ መብራቱ በርቶ መጥፋቱን እዩ። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም መጥፎ ምልክት ነው። ክላክስ ምቱ። በተኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተጫኑና የሠራውንና ያልሠራውን ጻፉ። የፊውዝ ሳጥኑን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱ።

መጨረሻ ላይ የተሳፋሪውን እግር ማስቀመጫ ምንጣፍ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ጎትቱት። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው፣ ጫፋቸው ተሸፍኖ፣ በሥርዓት ታስረው ካያችሁ ዕቃውን የነቀለው ሰው የሚያውቅ ሰው ነበር። በፒንሳ አንድ ላይ የተቆረጠ ጥቅል ካያችሁ ዋጋውን አስቀንሱ፣ ለሽቦ ሥራውም ሁለት ሦስት ቀን ያዙለት።